ጥርሱ ከመነካቱ በፊት፦ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸውን ታካሚዎች ማከምን ስለ መምረጥ

በጥርስ ሕክምና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ያሉ ወይም ገና ሥራ የጀመሩ ወጣት ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። የልብ፣ የኩላሊት፣ የካንሰርና የደም ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ጥርስ በማከም ላይ ለማተኮር እንዴት እንደ ወሰንሁ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጥያቄውን የሚያነሡት ሰዎች በሕይወታቸው ትልቅ ከሚባሉት ውሳኔዎች አንዱን ሊወስኑ የተቃረቡ ስለሆኑ፣ በሁለት ቃል መልሼ ከማለፍ ይልቅ እዚህ እንዴት እንደ ደረስሁና ሥራው ከቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ አባት በታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ታመው ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ተበልቶ ስለነበር ከመነቀል በቀር ሌላ መፍትሔ አልነበረውም። የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ስጠይቃቸው ከደረት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። ከዓመታት በፊት ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተተክቶላቸዋል፤ ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን በየቀኑ ይወስዳሉ፤ የደማቸው የመርጋት ፍጥነት የሚለካበት (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደሙ ዘግይቶ የሚረጋበት) የአይ ኤን አር ውጤትም በደብተሯ ላይ በቀን በቀኑ ተመዝግቧል። እኔ ግን ደብተሯን አገላብጬ መለስሁላቸው። ቁጥሮቹን ማንበብ አቅቶኝ አልነበረም፤ ቁጥሮቹ ምን እንድሠራ እንደሚፈቅዱልኝ ስለማላውቅ ፈርቼ ነው። የልብ ሐኪማቸው የፈቃድ ወረቀት ካልጻፉላቸው በቀር እንደማልነካቸው ነግሬ፣ ሁለት መስመር ማስታወሻ ጽፌ ሸኘኋቸው። በዚያን ቀን ያደረግሁት ነገር ጥንቃቄ ነው ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊታቸው በአንድ ወገን አብጦ፣ አፋቸውን በቅጡ መክፈት ተስኗቸው ተመለሱ። በመካከሉ የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ ርቆባቸው ወደ ሌሎች ሁለት የጥርስ ሐኪሞች ሄደው ነበር፤ ሁለቱም እንደ እኔው ወረቀት ይዘው እንዲመጡ ነግረው መልሰዋቸዋል። በዚያን ቀን ለብዙ ዓመታት በሆስፒታል ውስጥ የሠሩ አንጋፋ ሐኪም በክሊኒኩ ተገኝተው ስለነበር ታካሚውን ተቀበሉልኝ። ወንበር ስበው ከጎናቸው ተቀመጡና ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ዋርፋሪኑን ለመጨረሻ ጊዜ የወሰዱት ስንት ሰዓት ላይ ነው? መጠኑ በቅርቡ ተለውጧል? በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ማንም ሰው አንቲባዮቲክ ሰጥቷቸዋል? ፔኒሲሊን ይስማማቸዋል? ጥርስ ሲቦርሹ ድዳቸው ይደማል? ከዚያ ወደ ልብ ክሊኒኩ ስልክ ደወሉ፤ በዚያው ሰዓት የአይ ኤን አር ምርመራ አሠሩ፤ ውጤቱ 2.9 ሆነ። በልብ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ኢንፌክሽን እንዳይፈጠር 2 ግራም አሞክሲሲሊን አስቀድመው ሰጧቸው፤ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀው አደነዘዙ፤ ጥርሱን ነቀሉ፤ መግሉን አፈሰሱ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ደም የሚያቆም ቁራጭ ጨምረው በሁለት ስፌት ዘጉትና ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ ደም ማቆሚያ መድኃኒት የነካ ጎዝ አስነከሷቸው። መንቀሉ ራሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ደሙ ቆመ።

ሲጨርሱ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከጥርስ ጉድጓድ የሚፈስ ደም በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይደረስበታል፤ ዋርፋሪን ስለተቋረጠ ቫልቩ ላይ ረግቶ ወደ አንጎል የሚሄድን ደም ግን ማንም በጣቱ ተጭኖ አያቆመውም። በብሪታንያ የሚሠራበት መመሪያ አይ ኤን አሩ ከ4 በታች የሆነን ሰው ዋርፋሪኑን ሳያቋርጥ ጥርሱን መንቀል እንደሚቻል የሚናገረው ይህንኑ ሚዛን ይዞ ነው። እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት በፍርሃት የመለስኋቸው ሰው በትምህርት ያጣሁትን ዋጋ በሰውነታቸው ከፈሉ። በዚያ ምሽት ይህን ሥራ ለመማር ወሰንሁ።

እዚህ ላይ ስለ ማን እንደምናገር ግልጽ ላድርግ። የደም ግፊቱን በአንድ ክኒን በሚገባ የተቆጣጠረ ሰው የትም ክሊኒክ ያለ ችግር ሊታከም ይገባዋል፤ እሱን እንደ ልዩ ታካሚ መቁጠር ያላግባብ ማንከራተት ነው። እኔ የምናገረው የጥርስ ሕክምናው የአካሉን ሁኔታ ሊያናጋበት ስለሚችል፣ ወይም የአካሉ ሁኔታ የጥርስ ሕክምናውን አካሄድ ስለሚለውጠው ሰው ነው። የማደንዘዣ ሐኪሞች ታካሚዎችን እንደ ሕመማቸው ክብደት ከ1 እስከ 6 በሚቆጠሩ ደረጃዎች ይመድባሉ፤ በእኔ ወንበር ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ በ3ኛው፣ ጥቂቶቹም በ4ኛው ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው። ሆኖም ደረጃው ብቻውን ብዙ አይናገርም። የልብ ድካም ያለበትንና የኩላሊት እጥበት የሚያደርገውን ሰው እኩል ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል፤ የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የልብ ድካም ያለበትን ሰው ከማከሜ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌሊት በስንት ትራስ እንደሚተኛ ነው። «በሦስት» ብሎ ከመለሰልኝ ጋደም ሲል ትንፋሽ እንደሚያጥረው ስለሚያሳየኝ ወንበሩን ወደ ኋላ አላስተኛውም፤ እኔ ጎንበስ ብዬ እሠራለሁ፤ ሥራውንም አሳጥረዋለሁ። ይህ ጥያቄ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ማንም ካልጠየቀው ታካሚው ራሱ አይናገረውም፤ ትራስና ጥርስ ምን አገናኛቸው ብሎ ያስባልና።

የእነዚህ ታካሚዎች ቁጥር እየበዛ የመጣው ሕክምና ስለተሳካ ነው። ቀድሞ በልጅነታቸው ይሞቱ የነበሩ ከልብ ሕመም ጋር የተወለዱ ልጆች ዛሬ አድገው ልጅ ይወልዳሉ፤ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ይኖራሉ፤ ከካንሰር የዳኑት በየቀኑ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ሁሉም ጥርስ አላቸው፤ የአብዛኞቹም ጥርስ ከሌላው ሰው ጥርስ ይልቅ በፍጥነት ይጎዳል፤ ምክንያቱም የሚወስዷቸው ብዙ መድኃኒቶች ምራቅ ያደርቃሉ፤ ምራቅ የሌለው አፍ ደግሞ ጠባቂ የሌለው ቤት ነው።

ወደዚህ ሥራ የሚያስገቡት መንገዶች ከአገር አገር ይለያያሉ። በብሪታንያ ልዩ እንክብካቤ የሚሹ ሰዎች የጥርስ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዘርፍ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድም ዘርፉን በስፔሻሊቲ ደረጃ ያውቁታል። በአሜሪካ ብዙዎች የሚገቡት በሆስፒታል ውስጥ በሚሰጠው፣ በአብዛኛው 1 ዓመት በሚፈጀው የአጠቃላይ ጥርስ ሕክምና ሬዚደንሲ በኩል ነው። በዚያው አገር የጥርስ ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኦራል ሜዲስን (የአፍ ውስጥ በሽታዎች ሕክምና) ደግሞ በ2020 በስፔሻሊቲነት ታውቀዋል። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናም እነዚህን ታካሚዎች በብዛት ያገኛል።

ከእነዚህ መካከል የትኛው ለማን ይስማማል የሚለው ጥያቄ ከስማቸው ይልቅ ቀኑን ሙሉ በምን ሥራ እንደሚያልፍ በማየት ቢመለስ ይሻላል። ኦራል ሜዲስን የመረጠ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በአፍ ውስጥ ቁስሎችን በመመርመር፣ የማይገለጥ ሕመምን በመከታተልና መድኃኒት በማዘዝ ነው፤ መሰርሰሪያውን ብዙም አያነሣም። ቀዶ ሐኪሙ ለአንድ ሰፊ ችግር ይጠራል፤ ሲጨርስም ታካሚውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። እኔ በሆስፒታል ውስጥ አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም መሆንን የመረጥሁት መሙላትን፣ ማጽዳትን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራትን መተው ስላልፈለግሁ ነው። ከላይ ለነገርኋችሁ አባት የጎደላቸው ብርቅ ቀዶ ሕክምና አልነበረም፤ ማንም ጀማሪ ሐኪም የሚነቅለው አንድ ተራ ጥርስ በሰዓቱ አለመነቀሉ ነው። እስካሁን ካየኋቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ የተጎዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ተራውን ሕክምና በሰዓቱ ባለማግኘት።

አሁን ሥራውን ከቅርብ ላሳያችሁ። የጉሮሮ ካንሰር የተገኘባቸው አንዲት እናት የጨረር ሕክምና ሊጀምሩ ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀራቸው ወደ እኔ ተላኩ። የእኔ ድርሻ ከጨረሩ በፊት አፋቸውን መርምሬ ወደፊት ችግር የሚያመጡትን ጥርሶች ማስወገድ ነበር። በታችኛው መንጋጋቸው በስተኋላ አራት ጥርሶች አጠራጠሩኝ። አንዱን በመስታወቱ ጫፍ ስነካባቸው እጄን ያዙኝና፣ «ይሄኛው እኮ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም፤ ለምን ትነቅለዋለህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። ከ60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ ጨረር የተቀበለ መንጋጋ አጥንት የደም ሥሮቹና ሴሎቹ እየመነመኑ ይሄዳሉ፤ አሜሪካዊው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዲህ ያለውን አጥንት ኦክስጅንም፣ የደም ሥርም፣ ሴልም ያነሰው አድርጎ ገልጾታል። በዚያ አጥንት ውስጥ ያለ ጥርስ ከጨረሩ በኋላ ቢነቀል ቁስሉ ላይሽር፣ አጥንቱም ሞቶ በአፍ ውስጥ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ነገ ሊታመም የሚችለውን ጥርስ ዛሬ፣ ቁስሉ ለመዳን ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲያገኝ አድርጎ መንቀል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ራጁን በብርሃን ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸው ዝም ብለው በምላሳቸው ጥርሱን ነካ ነካ አደረጉት።

ከመንቀሌ በፊት ከጨረር ሐኪማቸው ጋር ተቀምጬ ጨረሩ የት የት ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ የሚያሳየውን ሥዕል ተመለከትሁ። ከአራቱ ጥርሶች አንዱ ከፍተኛው መጠን ከሚያርፍበት ቦታ ውጭ ነበር፤ በዙሪያው ያለው አጥንትም ጤነኛ ነበር። እሱን ተውሁት፤ ሦስቱን ነቀልሁ። የተውሁት ያው ፈጽሞ አላመመኝም ያሉት ጥርስ ስለነበር ደስታቸው በፊታቸው ላይ ታየ። ያንን ሥዕል ባላይ ኖሮ አራቱንም እነቅል ነበር፤ መጻሕፍቱም አይከሱኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ለጥርሶቻቸው ልክ የሆነ ፍሎራይድ መያዣ ሠራሁላቸው፤ ከፍ ያለ መጠን (5000 ፒፒኤም) ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ጻፍሁላቸው፤ ምራቃቸው ከጨረሩ ጋር ስለሚሄድ በየሦስት ወሩ እንዲመለሱ አደረግሁ። ምራቅ ባጣ አፍ ውስጥ ጥርስ በድዱ መስመር ዙሪያውን ተበልቶ እንደ ተቆረጠ ግንድ ለመውደቅ ወራት ይበቁታል፤ ስለዚህ ክትትሉ ከመንቀሉ አያንስም።

የመንጋጋ አጥንት ሌላም አስገራሚ ታሪክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በክብሪት ፋብሪካ ውስጥ ነጭ ፎስፈረስ ሲተነፍሱ የሚውሉ ሠራተኞች መንጋጋቸው እየሞተ ይወድቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በበርን የተፈረመው ስምምነት ነጭ ፎስፈረስን ከክብሪት ያስወገደው በዚህ ምክንያት ነው። ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከላይ የጠቀስሁት ማርክስ ለካንሰርና ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ ቢስፎስፎኔት የተባሉ መድኃኒቶችን የወሰዱ 36 ሰዎች መንጋጋቸው ተገልጦ ማግኘቱን ጽፎ አሳወቀ። እነዚህ መድኃኒቶች በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው አነስተኛ መጠን አደጋው በጣም ጥቂት ስለሆነ ታካሚን በዚህ ማስፈራራትና መድኃኒቱን እንዲተው ማድረግ ስሕተት ነው፤ ወገብ ወይም ዳሌ መሰበር ከዚህ የከፋ ነው። ለካንሰር በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ለሚወስደው ሰው ግን ጥርሱን ከመንቀል በፊት ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

ችግሩ ታካሚው እነዚህንና በአጥንት ላይ የሚሠሩ መሰል መድኃኒቶችን በመድኃኒትነት አለመቁጠሩ ነው። የሚወስዱትን ሁሉ ንገሩኝ ስትሏቸው በየማለዳው የሚውጧቸውን ክኒኖች ይቆጥሩላችኋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚገባውን ወይም በየ6 ወሩ በቆዳ ሥር የሚወጋውን መርፌ ግን አያነሡም። ስለዚህ ለብቻው እጠይቃለሁ፤ «በዓመት አንዴ ወይም በየስድስት ወሩ የሚወጉት መርፌ አለ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ትንሽ አስበው፣ «እሱማ አለ» ይሉኛል።

የኩላሊት እጥበት ከሚያደርጉት ጋር ቀጠሮው በማግስቱ ይሆናል፤ በእጥበቱ ቀን ድካም አለባቸው፣ ደም እንዳይረጋ የተሰጣቸውም ሄፓሪን ገና በሰውነታቸው ውስጥ ነው። ለእጥበት በተዘጋጀው ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት አይለካም፤ ለሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን አይታዘዝም። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው ሚኮናዞል ጄል እንኳ አይ ኤን አሩን ሊያሻቅብ ይችላል፤ ቅባት ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። በከባድ የልብ ሕመምተኛ ላይ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው፣ የደም ሥርን የሚያጠብበው ኤፒነፍሪን በጥቅሉ ከ0.04 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ ይህም 1 ለ100,000 ኤፒነፍሪን ካለው የተለመደው ባለ 1.8 ሚሊ ሊትር የማደንዘዣ ካርትሪጅ ሁለት ያህል ነው። እንዲህ ያሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሥራው ጋር ይለመዳሉ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው ግን የማይታየው ሥራ ነው፤ ስልክና ደብዳቤ። በጀማሪነቴ ለልብ ሐኪሙ የላክሁት ማስታወሻ ጥርስ ለመንቀል ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። የልብ ሐኪም ግን ጥርስ መንቀል ምን ያህል ደም እንደሚያፈስ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ምን ማደንዘዣ እንደሚሰጥ አልተማረም፤ ፈቃድ ሲጠየቅ እሱም ይፈራና «ዋርፋሪኑ ይቁም» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ ስጽፍ የምሠራውን፣ ደሙን በምን እንደማቆመው፣ ማደንዘዣውን በመጠኑ እገልጻለሁ፤ ዋርፋሪኑን ሳላቋርጥ ለመሥራት ማሰቤን እናገራለሁ፤ ከዚያ እኔ የማላውቀውንና እሱ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የልቡ የመግፋት አቅም ባለፈው ምርመራ ስንት ነበር? በቅርቡ ሊለወጥ የታሰበ መድኃኒት አለ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአንድ ቀን መልስ ያገኛል። ኃላፊነቱን ወደ ሌላ ሰው መግፋትና እውቀት መጠየቅ በወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው ወረቀቱን ይዞ የሚንከራተተው ታካሚ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ስለ ሕመማቸው መናገር የማይችሉ ታካሚዎች አሉ። የመርሳት በሽታ የጠናባቸው አንዲት እናት ምግብ እምቢ ማለትና ጉንጫቸውን በእጃቸው መምታት ጀምረው ነበር፤ ቤተሰቡ በሽታው ባሰ ብሎ ተስፋ ቆርጧል። አፋቸውን ለማየት ሩብ ሰዓት እጃቸውን ይዤ አወራኋቸው፤ በመጨረሻ ከፈቱልኝ። የተሰበረ ጥርስ ስለታም ጠርዝ ምላሳቸውን ቆርጦ አቁስሎታል። ጠርዙን አለሰለስሁት፤ ከቀናት በኋላ መብላት ጀመሩ። ልጃቸው ይህን ስትነግረኝ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ አሁን አብሮኝ አለ። ኦቲዝም ያለበት አንድ ወጣት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍሉ አልገባም አለ፤ በሁለተኛው ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወረደ፤ በሦስተኛው መስታወቱን በእጁ ይዞ ተመለከተ፤ በአምስተኛው ቀን ጥርሱን ቆጠርሁለት። በሙሉ ሰመመን ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ይቻል ነበር፤ ለአንዳንዱ ሰውም ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ለዚህ ወጣት ግን ቀሪ ዘመኑን ሁሉ በሰመመን ከመታከም አምስት ቀን ማጥፋት ይሻል ነበር። እነዚያ አራት ቀናት በሥራ መዝገቡ ላይ ምንም እንዳልተሠራባቸው ሆነው ነው የተጻፉት።

ይህን የምነግራችሁ ሥራው ምን እንደሚያሳጣ አውቃችሁ እንድትገቡ ነው። በቀን የምታዩት ሰው ቁጥር ከባልደረቦቻችሁ በግማሽ ያንሳል፤ ገቢያችሁም እንደዚያው። የሠራችሁትን አሳምሮ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የላችሁም፤ የተሳካ ቀን ማለት ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ነውና። ታካሚዎቻችሁም ይሞታሉ። ለሰባት ዓመት በየሦስት ወሩ ጥርሳቸውን ያጸዳሁላቸው ሰው በቀጠሯቸው ቀን ሳይመጡ ሲቀሩ ስልክ ከመደወሌ በፊት እጄ ያመነታል። የጥርስ ሐኪሞች ለሞት አልተዘጋጀንም፤ ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረንም። በዚህ ሥራ ለመቆየት የፈለገ ሰው ስለዚህ የሚያወራው ሰው ሊኖረው ይገባል፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፤ በመዘግየቴም ተጎድቻለሁ።

ለመወሰን የተቃረባችሁ ሰዎች ከማንኛውም ማመልከቻ በፊት ሁለት ሳምንት በኩላሊት እጥበት ክፍል ወይም በካንሰር ክሊኒክ ተቀምጣችሁ ዋሉ። ጥርስ አትንኩ፤ ታካሚዎቹ ስለ አፋቸው የሚናገሩትን ብቻ ስሙ። መሰልቸት ከተሰማችሁ ይህ ሥራ የእናንተ አይደለም፤ በዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም፤ መልካም ጥርስ አቅኝ ወይም መልካም የድድ ሐኪም ዓለም ትፈልጋለች። ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየተደራረበ ከመጣባችሁ ግን ማታ ወደ ፋርማኮሎጂ መጽሐፋችሁ መመለሳችሁ አይቀርም።

የሥልጠና ቦታ ስትመርጡም የሕንፃውን ስፋትና የወንበሩን ዘመናዊነት ትታችሁ ሌላ ነገር ጠይቁ። ሠልጣኙ በውስጥ ደዌ ክፍል ስንት ሳምንት ይሠራል? ከማደንዘዣ ሐኪሞች ጋር ቆሞ የሰው አየር መተላለፊያ መክፈት ይማራል? ሌሊት ከሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ክፍል ድዱ የሚደማ ሰው አለ ተብሎ ሲደወል የሚነሣው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲመልሱ ሠልጣኙ አንጋፋ ሐኪም አብሮት እያለ እንደሚነሣ ከነገሯችሁ ቦታው ጥሩ ነው። ሠልጣኙ ብቻውን የሚነሣ ከሆነ ትምህርቱ ፍርሃት ይሆናል፤ ማንም የማይነሣ ከሆነ ደግሞ የምትማሩት ነገር የለም።

ማንበብ እንደማይቆምም እወቁ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከጥርስ ሕክምና በፊት አንቲባዮቲክ የሚሰጣቸውን ሰዎች ክልል እ.ኤ.አ. በ2007 በጣም አጠበበው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸውን፣ ቀድሞ የልብ ሽፋን ኢንፌክሽን የያዛቸውንና ጥቂት ሌሎችን ብቻ አስቀረ። በ2021 ደግሞ ለብዙ ዓመታት ፔኒሲሊን ለማይስማማቸው ይሰጥ የነበረውን ክሊንዳማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ከዝርዝሩ አስወጣው። በትምህርት ቤት ያጠናሁትን ይዤ ብቀር ኖሮ ዛሬ ለማያስፈልጋቸው ሰዎች መድኃኒት እየሰጠሁ፣ ለሚያስፈልጋቸውም የተተወውን እየሰጠሁ እገኝ ነበር።

እነዚያ ፊታቸው አብጦ የመጡት አባት አሁንም ታካሚዬ ናቸው። በመለስኋቸው ቀን ለምን እንደ መለስኋቸው አንድ ቀን ነገርኋቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። «አውቄዋለሁ እኮ፤ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉኝ። በየስድስት ወሩ ሲመጡ ወንበሩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ያችን ደብተር ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ይሰጡኛል፤ ሦስተኛዋ ደብተር ናት። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ያለፈው ወር ከዚህ ከፍ ብሎ እንደነበርና አዲስ መድኃኒት ተጀምሮላቸው እንደነበር እሳቸው ያስረዱኛል። ከዚያ ትራሱን ከጀርባቸው አደላድልላቸውና እንጀምራለን።